ስድስት ካንዴላ ለመቀየር ይህን ያህል ገንዘብ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ2014 ቶዮታ ሲየና አለኝ፣ ሰው እያመላለስኩ እሠራበታለሁ። 120 ሺህ ማይል ስለሞላ ካንዴላ ይቀየርልኝ ብዬ ጋራዥ ወሰድኩት። ከስድስት መቶ ዶላር በላይ ጠየቁኝ፤ አብዛኛው የእጅ ዋጋ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ የኮሮላዬን ካንዴላ የሰፈር መካኒክ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ነበር የሚቀይርልኝ። እያጭበረበሩኝ ነው ወይስ ችግሩ መኪናው ነው? ራሴ ልሥራው ብልስ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ካስጨነቀህ ነገር ልጀምር። የጠየቁህን ዋጋ ብቻ አይቼ አጭበርብረውሃል አልልም። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያነድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ የሲየናውን መቀየር ግን በእርግጥም ሰዓት የሚበላ ሥራ ነው። ያንን ሰዓት ያመጣው መካኒኩ ሳይሆን የመኪናው አሠራር ነው። ልትጭበረበር የምትችልበት ሌላ ቦታ ግን አለ። ስደርስበት እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ኮሮላህን እንየው። አራት ሲሊንደር ነው። አራቱም ካንዴላዎች ሞተሩ አናት ላይ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ኮፈኑን ትከፍታለህ። እንደ መኪናው ዓመት ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ገመድ ወይም ኮይል ትነቅላለህ። ከዚያ ካንዴላው ፊት ለፊትህ ነው። የሰፈርህ መካኒክ ቡናህ ሳያልቅ የጨረሰው በጉብዝናው ብቻ አይደለም። እጁ የሚገባበት መንገድ ክፍት ስለነበረም ነው።

ሲየናህ ላይ ያለው ሞተር 3.5 ሊትር ቪ6 ነው። ቶዮታ 2ጂአር-ኤፍኢ ይለዋል። ከ2007 እስከ 2016 ሞዴል ባሉት ሲየናዎች ላይ ታገኘዋለህ። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ ተከፍለዋል። ሞተሩ ደግሞ በቁመት ሳይሆን በአግድም ነው የተቀመጠው። ስለዚህ አንዱ ረድፍ ወደ ራዲያተሩ ያያል። ሌላው ወደ ኋላ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል ወደሚለየው ግድግዳ ዞሯል። የፊተኞቹ ሦስት ካንዴላዎች እንደ ኮሮላህ ቀላል ናቸው። ገንዘብህን የሚበሉት የኋለኞቹ ናቸው።

ኮፈኑን ከፍተህ የኋለኞቹን ፈልጋቸው። አታገኛቸውም። አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ አክንባሎ ምጣድ ላይ እንደሚደፋ ከላያቸው ተደፍቶባቸዋል። በዚያ ላይ ሲየና አፍንጫው አጭር ነው። የፊት መስታወቱ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የሞተሩን የኋላ ክፍል ከሥሩ አስገብቶታል። ካንዴላው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ይወጣሉ። ከዚያ ከመስታወቱ ሥር ያለው ረጅም ፕላስቲክ ይነሳል። የመጥረጊያው ሞተር ከነክንዶቹ ይወጣል። ከሥሩ ያለው የብረት ገበታ ይፈታል። አሁን ገና ለእጅ ቦታ ተገኘ። ቀጥሎ የአየር ቱቦው ይነቀላል። የአየሩ መግቢያ በር የሆነው ስሮትል ላይ የተሰኩት ሶኬቶችና ቱቦዎች አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። ማኒፎልዱን ከኋላ የደገፉት ቡሎኖች በጠባብ ቦታ ይፈታሉ። በመጨረሻ ማኒፎልዱ ይነሳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ካንዴላ ገና አልነካንም።

ካንዴላዎቹን መቀየሩ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ያ ሁሉ የተፈታ ነገር በተራው ይመለሳል። ማኒፎልዱ ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ፣ አየር እንዳያመልጥ መሃል የሚገባው የጎማ ማሸጊያ፣ አዲስ መሆን አለበት። አሮጌው ጎማ ለዓመታት ሙቀት በልቶት ደርቋል። መልሶ መጠቀም ዛሬ ጥቂት ዶላር አድኖ ነገ ሥራውን በሙሉ ማስደገም ነው።

አንዳንድ ባለሙያ ማኒፎልዱን ሳያወጣ፣ በታጣፊ ማራዘሚያ፣ በእጁ እየዳሰሰ ይሠራዋል። ይቻላል። ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ ግን መኪናው የእንጀራህ ምንጭ ከሆነ አልመክርህም። ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው። ካንዴላው ሳይታይ ተጣሞ ከገባ የቴስታታው ጥርስ ይበላሻል። ያኔ የምታወጣው ወጪ ዛሬ ያስደነገጠህን ዋጋ ያስመኝሃል።

እዚህ አገር አብዛኛው ጋራዥ የሚያስከፍለው በመጽሐፍ ሰዓት እንደሆነም እወቅ። ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ የተቀመጠ መመሪያ አለ። ጋራዡ ያንን ሰዓት በራሱ የሰዓት ዋጋ ያባዛዋል። ለዚህ ሥራ ሦስት ሰዓት አካባቢ ቢቆጥሩብህ አይገርመኝም። መካኒኩ ፈጥኖ ከጨረሰ ትርፉ የሱ ነው። የዛገ ቡሎን ተበጥሶበት ግማሽ ቀን ቢቆም ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪሳራውም የሱ ነው። የእጅ ዋጋው ለምን እንደከበደ ስትጠይቅ ይህን አስብበት። አብዛኛው ገንዘብ የሚከፈለው ለካንዴላው ሳይሆን ወደ ካንዴላው ለሚወስደው መንገድ ነው።

አሁን ወደዚያ ወዳልኩህ ቦታ። በእነዚህ ቪ6 መኪኖች ላይ ያለው ማጭበርበር የፊተኞቹን ሦስት ቀይሮ የስድስቱን ዋጋ መቀበል ነው። የኋለኞቹን ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ደንበኛ የለም። መኪናውም ሦስት አዲስ ካንዴላ አግኝቶ ትንሽ ለስለስ ስለሚል አንተም አትጠረጥርም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ስድስቱንም አሮጌ ካንዴላዎች በእጄ እፈልጋለሁ» በላቸው። ሐቀኛ ጋራዥ በዚህ አይቀየምም። ሲሰጡህ አስተያያቸው። ስድስቱም ተመሳሳይ ዓይነት፣ ተመሳሳይ ያህል ያረጁ መሆን አለባቸው። ደረሰኙንም አንብብ። ማኒፎልዱ ተነስቷል ከተባለ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ተጽፎ ማየት አለብህ። ካልተጻፈ «የኋላዎቹ ጋ በየት በኩል ደረሳችሁ?» ብለህ ጠይቅ። መልሳቸው ብዙ ይነግርሃል።

መኪናው ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ? ይህን በደንብ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ቀጣዩን መኪናህን ስትገዛ የሚጠቅምህ እሱ ነውና።

ነገሩ ሩቅ ይጀምራል። በ1959 እንግሊዝ አገር ሚኒ የምትባለው ትንሽ መኪና ወጣች። ንድፏ የአሌክ ኢሲጎኒስ ነው። ሞተሩን በአግድም አስቀምጦ ጉልበቱን ለፊት ጎማ ሰጠ። በዚህ አቀማመጥ ሞተሩ የሚይዘው ቦታ አጠረ፣ የሰዎቹ ቦታ ሰፋ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ዛሬ በፊት ጎማ የሚነዱ አብዛኞቹ መኪኖች ሞተራቸው በአግድም ነው። ኮሮላህም እንዲሁ ነው። አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር ሲሆን መካኒክም አይቸገርም።

ችግሩ የመጣው ስድስት ሲሊንደር በዚያው ቦታ ሲታጨቅ ነው። ጀነራል ሞተርስ በ1980 ሞዴሎቹ፣ ለምሳሌ በሸቭሮሌት ሳይቴሽን ላይ፣ ቪ6 ሞተር በአግድም አስገባ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ሄዱ። ቪ ቅርጽ ያለውን ሞተር በአግድም ስታስቀምጠው አንዱ ረድፍ የግድ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ከዚያ ወዲህ መካኒክ ከኋላ ረድፍ ራስ ምታት አልተላቀቀም። ሲየና ብቻ አይደለም። ካምሪ ቪ6፣ ሃይላንደር፣ ሌክሰስ አርኤክስ 350 ሁሉም የኋላ ረድፋቸው ግድግዳውን የሚያይ ነው። ሲየና ላይ የሚብሰው አፍንጫው አጭር በመሆኑና መስታወቱ ከላይ ስለሚያጠላበት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፋብሪካው ነው። እዚያ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር ይጋጠማል። ካንዴላው፣ ማኒፎልዱ፣ ቱቦው ሁሉ ገብቶበት ይዘጋጃል። ከዚያ ከሥር ወደ ላይ ተነስቶ የመኪናው አካል ውስጥ ይገባል። ካንዴላውን የሚያስረው ፊቱ ያለው ባዶ ሞተር ነው። ግድግዳ የለበትም፣ መስታወት የለበትም። ለመግጠም ቀላል የሆነ ነገር ለመፍታት ቀላል ላይሆን ይችላል። መሐንዲሶች የጥገናን ጉዳይ አያነሱም ማለቴ አይደለም፣ ያነሳሉ። ግን ከወጪ፣ ከክብደት፣ ከግጭት ደህንነት፣ ከተሳፋሪ ቦታ ጋር ሲመዘን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ሦስተኛው ምክንያት እኔን በጣም የሚያናድደኝ ነው። ቶዮታ እዚህ አሜሪካ ለሞተርና ለካምቢዮ የሚሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ነው። የሲየናህ ካንዴላ የሚቀየረው በ120 ሺህ ማይል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አዲሱን መኪና የሚገዛ ሰው ማሳያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ወንበሩን ያያል፣ በሩ በቁልፍ ሲከፈት ያያል፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ ይጠይቃል። የኋላ ካንዴላ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጊዜው ሲደርስ እሱ መኪናውን ብዙ ጊዜ ሸጦታል። ሂሳቡ የሚመጣው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ባለቤት ነው።

ያ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚሠራው ወገናችን ያገለገለ መኪና ነው የሚገዛው። አገር ቤትም ለብዙ ዘመን የገባው የቤት መኪና በአብዛኛው ሌላ አገር ሲነዳ ቆይቶ የመጣ ነው። መኪናው የተነደፈው ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ቁልፍ ይዞ ከሥሩ የሚተኛው ግን አምስተኛው ባለቤት የላከው መካኒክ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። የመኪና ዕድሜ 20 ዓመት ከሆነ ንድፉም ስለ 20 ዓመቱ ሊያስብ ይገባል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ተራ ካንዴላ በየ30 ሺህ ማይሉ አካባቢ ይቀየር ነበር። ያንተ ጫፉ ኢሪዲየም የሚባል ጠንካራ ብረት ነው፤ እሱ ነው 120 ሺህ ማይል ያደረሰህ። ካንዴላው ይህን ያህል ባይቆይ ኖሮ ይህ ራስ ምታት በየጊዜው ይመጣ ነበር። ስለዚህ ከባዱ ሥራ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የሲየናን አስቸጋሪነት በዚህ ምክንያት ይቅር እለዋለሁ። ሰባትና ስምንት ሰው ከነሻንጣው የሚይዝ መኪና አፍንጫው ቢያጥር ምክንያት አለው።

ይቅር የማልላቸው ሌሎች ናቸው። ክራይስለር ሲብሪንግና ዶጅ ስትራተስ ሴዳን ላይ ባትሪው የፊት ግራ ጎማ ፊት ለፊት፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ነው። ለመቀየር መሪውን ሙሉ ለሙሉ ማዞር ወይም ጎማውን ማውጣት፣ ከዚያ የውስጡን ፕላስቲክ ማንሳት ያስፈልጋል። ባትሪ በየጥቂት ዓመቱ እንደሚሞት የማያውቅ መሐንዲስ የለም። መኪና ለማስነሳት ገመድ የሚታሰርበት ቦታ ኮፈኑ ሥር ለብቻው መሥራታቸው ራሱ ባትሪው እንደማይደረስ እንደሚያውቁ ያሳያል። ለካንዴላ ያነሳሁት ምክንያት እዚህ አይሠራም። በየጊዜው የሚቀየር ነገር እጅ የሚደርስበት መቀመጥ አለበት።

የካዲላክ ኖርዝስታር ቪ8 ሞተሪኖው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ፣ ያለው ማኒፎልዱ ሥር፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል ነው። የቶዮታ 4.7 ሊትር ቪ8ም እንደዚያው ነው። ላንድክሩዘር 100 ቤንዚን፣ ሌክሰስ ኤልኤክስ 470፣ ቱንድራና ሴኮያ ላይ ይገኛል። የገልፍ አረብ አገሮች ያላችሁ ሰዎች ይህን ሞተር ታውቁታላችሁ። ጠንካራ ሞተር ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ሞተሪኖው የሞተበት ሰው ማኒፎልድ ማስነሳት አለበት። ናፍጣውን ላንድክሩዘር የለመደ መካኒክ መጀመሪያ ሲያየው ሞተሪኖውን ከጎን እየፈለገ ይደክማል።

ከሁሉም የከፋው ፎርድ 3.5 ሊትር ቪ6 በአግድም የተቀመጠባቸው መኪኖች ላይ ያለው የውሃ ፓምፕ ነው። ኤጅ፣ ፍሌክስ፣ ቶረስ፣ ከ2011 እስከ 2019 ያለው ኤክስፕሎረር ሁሉ አሉበት። ፓምፑ ከውጭ በቺንጋ ሳይሆን ሞተሩ ውስጥ በታይሚንግ ሰንሰለቱ፣ የቫልቮቹን መከፈቻና መዝጊያ ጊዜ በሚጠብቀው ሰንሰለት፣ ነው የሚሽከረከረው። እንደ ሌላ መኪና ፓምፕ ከውጭ ፈትቶ መቀየር የለም፤ የሞተሩ ፊት ተከፍቶ ሰንሰለቱ ይወርዳል። ይህ አድካሚና ውድ ሥራ ነው። ከሱ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ውሃው እንዳያልፍ የሚዘጋው የፓምፑ ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃው ዘይቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ባለቤቱ በጊዜ ካልነቃ ሞተሩ ራሱ ይሄዳል። ሲየናው የሚያስከፍልህ ጊዜና ገንዘብ ነው። እዚህ ግን ተራ የሆነ ርካሽ ዕቃ ውዱን ሞተር ይዞ እንዲሞት ተደርጎ ተቀምጧል። ያገለገለ ኤክስፕሎረር የምታዩ ሰዎች የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ቁልፉን መልሱና ሂዱ።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁ አላችሁ። የቢኤምደብሊው ኤን47 ናፍጣ ሞተር የታይሚንግ ሰንሰለቱ በካምቢዮው በኩል ነው። የሰንሰለት ችግሩ የታወቀ ነው፤ ለመድረስ ግን ሞተር ወይም ካምቢዮ ማውረድን ያመጣል። የሁለተኛው ትውልድ ሬኖ ሜጋን የፊት መብራት አምፖሉ የሚቀየረው በጎማው በኩል ባለች ትንሽ ክዳን ነው። በጨለማ፣ በዝናብ፣ በእጅ እየዳሰሱ። አውሮፓ የምትከተለው የመብራት ደንብ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 48 የሚባለው፣ አምፖል ከመኪናው ጋር ከሚሰጠው ውጭ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ መቀየር እንዲቻል ይጠይቃል። ጥሩ ደንብ ነው። የእጅህን ስፋት ግን አይለካም።

ሕግ ስል፣ እዚህ አሜሪካ ስለ መጠገን መብት ብዙ ይወራል። የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ አምራቾች የጥገና መረጃውንና የምርመራ ኮዱን (የመኪናው ኮምፒውተር ብልሽት የሚናገርበትን ቁጥር) ለገለልተኛ ጋራዦች እንዲሰጡ አስገደደ። በ2014 አምራቾቹ ያንኑ በመላ አገሪቱ ለመፈጸም ተስማሙ። በ2020 ደግሞ ያው ግዛት መኪናው በገመድ አልባ የሚልከውን መረጃም ጨመረበት። ይህ ለእንደኛ ዓይነቱ ትንሽ ጋራዥ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚከፍተው መረጃውን ነው። ማኒፎልዱን ሁለት ጣት ወደ ፊት አያስጠጋልንም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የኛን ሚኒባስ ሃይስ አነጻጽር። ሞተሩ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። ሲታይ ግራ ያጋባል። መካኒኩ ግን ወንበሩን ብድግ ሲያደርገው ሞተሩ ፊቱ ነው። ቦታው መጥበቡ ብቻውን ሰበብ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። መንገድ ከታሰበበት በጠባብ ቦታም መንገድ ይገኛል።

ራሴ ልሥራው ላልከው እንዲህ እላለሁ። የፊተኞቹን ሦስት ያለ ሥጋት መሥራት ትችላለህ። ግን ሦስቱን ብቻ ቀይሮ መተው አልመክርም። የኋለኞቹን ለመሥራት ቁልፍ የያዘ እጅ፣ ትዕግሥትና ሙሉ ቀን ያስፈልግሃል። በማግስቱ ጠዋት ለሥራ የምትወጣበት መኪና ከሆነና ከዚህ በፊት ማኒፎልድ አንስተህ ካላወቅህ፣ ለጋራዡ ብትሰጠው ይሻላል። የአንድ ቀን ገቢህን አስበው። ልምድ ያለው ወዳጅ አብሮህ ካለ ግን ግባበት፣ የማይቻል ነገር የለውም።

ከገባህ እነዚህን ጠብቅ። ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ፤ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ካንዴላ በትኩሱ አይፈታም። ከመጀመርህ በፊት እያንዳንዱን ሶኬትና ቱቦ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ማኒፎልዱ ሲነሳ ከሥሩ ስድስት ክፍት ቀዳዳ ታያለህ። ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ድፈናቸው። እዚያ ውስጥ የወደቀች አንዲት ዳዶ ሞተር ትሰብራለች። ከመዝጋትህ በፊት ደግሞ ጨርቆቹን ቆጥረህ አውጣ። የካንዴላውን ጉድጓድ በአየር ንፋ፣ አቧራው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። አዲሱን ካንዴላ መጀመሪያ በእጅህ ብቻ አዙረህ አስገባ፣ እስኪቆም ድረስ። እምቢ ካለ አትታገለው፣ አውጥተህ እንደገና ጀምር። ማጥበቂያውን የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍና የሞተሩ መመሪያ በሚለው ልክ አድርግ። ጥርሱ ላይ ቅባት አትቀባ፤ የካንዴላ አምራቾች አይፈልጉትም፣ ቅባት ሲኖር ከልክ በላይ ይጠብቃል። የኢሪዲየሙን ጫፍ በብረት መለኪያ አትጎርጉረው። ቀጭን ነው፣ ይሰበራል። ካንዴላውን ራሱን ከታመነ ሱቅ ግዛ። ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው የታዋቂ ስም ያለው ካንዴላ ብዙ ጊዜ አስመስሎ የተሠራ ነው። ለዚህ ሁሉ ልፋት ሐሰተኛ ካንዴላ ማስገባት ያሳዝናል።

ጋራዥም ሰጠኸው ራስህም ሠራኸው፣ ማኒፎልዱ አንዴ ከተነሳ በኋላ ሌሎች ነገሮችም ይታዩ። የመንገዱን ዋጋ አንዴ ከፍለሃል፣ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍል። የኋላው የቫልቭ ክዳን ዘይት እያላበ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ያኔውኑ ቀይረው። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካለም ምልክቱ ያው ነው። ፒሲቪ ቫልቩ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚልከው፣ ርካሽ ነው፣ አብሮ ይቀየር። ስሮትሉ ይጽዳ። የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ ይለወጥ። ኮይሎቹን ግን ደህና ከሆኑ ተዋቸው። ስድስት ኮይል ካልቀየርክ የሚልህ ካለ የትኛው እንደተበላሸ በምርመራ ያሳይህ።

ቀጣዩን መኪና ስትገዛ ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን ተመልከት። ስንት ረድፍ አለው? የኋላውን ታየዋለህ? ባትሪው የት ነው? ሞተሪኖው የት ነው? የውሃ ፓምፑ በምንድነው የሚዞረው? እነዚህን ከመግዛትህ በፊት ለምታምነው መካኒክ ደውለህ ጠይቅ። ከ2021 ጀምሮ ሲየና ሃይብሪድ ሆኗል፣ ሞተሩም አራት ሲሊንደር ነው። የኋላ ረድፍ የሚባል ነገር የለውም። አገር ቤት ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ወንድሞቻችን የሚገዙት ኤሌክትሪክ ነው። ካንዴላ የለም፣ ጥያቄው ግን አልቀረም። ትንሹ ባትሪ፣ አምፖሉ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ጋ እጅ ይደርሳል? ኮምፒውተሩን የሚከፍት ጋራዥ በከተማው አለ? ከገዙ በኋላ ከመጠየቅ ሳይገዙ መጠየቅ ይሻላል።

ለአሁኑ ግን ጋራዡን እንዲህ በለው፦ ስድስቱም ኢሪዲየም ካንዴላ፣ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን አዲስ፣ ፒሲቪ አብሮ፣ አሮጌዎቹ ለእኔ። ዋጋውን በጽሑፍ ይስጡህ። ሌላ አንድ ሁለት ጋራዥም ደውለህ አወዳድር፣ ግን ሥራው አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ። መኪናውን ስትረከብ ባለበት አስነሳውና ጆሮህን ጣል። ከኋላ በኩል የሚፏጭ የአየር ድምፅ ካለ፣ ወይም ቆሞ ሲሠራ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ማኒፎልዱ በደንብ አልገጠመም ወይም አንድ ቱቦ ሳይሰካ ቀርቷል። የዝናብ መጥረጊያዎቹንም አሠራቸው፣ ቦታቸውን ስተው ከተገጠሙ ይጋጫሉ። በቀጣዮቹ ቀናት የሞተር መብራት በርቶ ኮዱ ፒ0171 እና ፒ0174 ካለህ፣ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። አዲስ ዕቃ ልግዛ አትበል። ደረሰኙን ይዘህ ወደ ሠራው ጋራዥ ተመለስና ማኒፎልዱን በነጻ ይዩልህ።